በአዲስ ዲስክ ላይ ወሰን ከፍሎ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን በእጅ ስለ መጫን



በመንዝ አገር ወሰን መግፋት ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ ከባድ ነገር ነው። አገሩ ራሱ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ኖሯል፤ የጓሳው ሣርም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በቄሮ ሥርዓት የሚታጨድበት ጊዜ እየተወሰነ ሲጠበቅ ቆይቷል። የዛሬው ርእስ ከዚህ የራቀ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር የገበሬውን የይዞታ መዝገብ በሚይዝበት በአሁኑ ዘመን፣ በዲስክ ላይ በስሕተት የተሠመረ ወሰን በማሳ ላይ ከተገፋ ወሰን ያነሰ ጉዳት አያደርስም።

እንደሚታወቀው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ራሱ የሚጭን ፕሮግራም አለ። ሥራውም ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ «ዲስኩ በሙሉ ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎን» ማለት የአንድ ጣት ሥራ ስለሆነ፣ ጥድፊያ ያለበት ሰው ሳያስተውል ያልፈዋል። በእጅ የሚጭን ባለሙያ ግን እያንዳንዱን ትእዛዝ ራሱ ስለሚጽፍ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

አንድ ባለሙያ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሄደ እንበል። በአንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ መዝገቡን የያዘው አሮጌ ዲስክና ገና የተገዛው አዲስ ዲስክ ጎን ለጎን ተገጥመዋል። የመጀመሪያው ተግባር አሮጌውን ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ቢቻልም ነቅሎ ማቆየት ነው። በሊኑክስ «ኤስዲኤ» እና «ኤስዲቢ» የሚባሉት ስሞች ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ሊለዋወጡ ስለሚችሉ፣ ዲስኩን በመጠኑና በላዩ በታተመው መለያ ቁጥር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የወሰን ሰንጠረዡ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከዶስ ጋር የመጣው አሮጌው ሥርዓት አራት ዋና ክፍሎችን ብቻ የሚፈቅድ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ከሁለት ቴራባይት በላይ አይደርስም። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ ሥርዓት ግን እንደ ልማዱ 128 ክፍሎችን ይመዘግባል፤ የሰንጠረዡንም ግልባጭ በዲስኩ መጨረሻ ያኖራል። ለወረዳ ሥራ ሦስት ክፍል ይበቃል፤ ይኸውም አንዱ ለማስነሻው፣ ሁለተኛው ለሲስተሙ፣ ሦስተኛው ለመዝገቡ ነው። መዝገቡ ለብቻው ከተከለለ፣ ሲስተሙ ተበላሽቶ እንደገና ሲጫን ሳይነካ ይቀራል። ሆኖም ዲስኩ ራሱ ቢሞት ሦስቱም አብረው ይሞታሉና፣ ክፍፍል የግልባጭን ቦታ እንደማይተካ ሊዘነጋ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ክፍሎቹ ፎርማት ተደርገው ይያያዛሉ፤ በፍላሽ የመጣው ሲስተም ይገለበጣል፤ እያንዳንዱም ክፍል በየትኛው ማውጫ እንደሚያያዝ በሚዘረዝረው ፋይል ውስጥ፣ ተለዋዋጩ ስም ሳይሆን የክፍሉ ቋሚ መለያ ይጻፋል። በመጨረሻም ማስነሻው ይጫናል። የአማርኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለ ገባ፣ ፎንቱና የመተየቢያው ዘዴ ከተሟሉ የባለይዞታው ስም በራሱ ፊደል ይጻፋል።

ስሕተት ቢደርስስ? የጠፋው የወሰን ሰንጠረዡ ብቻ ከሆነ መዝገቡ በዲስኩ ላይ እንዳለ ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ ወሰኑን መልሶ ማግኘት ይቻላል። በላዩ አዲስ ነገር ከተጻፈበት ግን የተሸፈነው አይመለስም። ስለዚህ ስሕተቱን ያየ ባለሙያ ሊያርም ከመጣደፍ ይልቅ እጁን ይሰብስብ፤ ኮምፒዩተሩን ያጥፋ፤ በዲስኩም ላይ አንዳች ነገር አይጻፍ።

ሥራው የሚያበቃው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አይደለም። ባለሙያው በማግሥቱ ይሄዳል፤ የመዝገብ ሠራተኛው ግን እዚያው ይኖራል። ስለሆነም የእያንዳንዱ ክፍል መጠን፣ መለያና አገልግሎት በወረቀት ተጽፎ በጽሕፈት ቤቱ ፋይል ውስጥ መቀመጥ አለበት። በደጋው አገር ወሰን የሚጸናው የሚያውቀው ምስክር ሲኖር ነው፤ ለዲስኩም ምስክሩ ያ ወረቀት ነው።