ጾምን የሚያውቅ መዝገብ



ከሱሉልታ ገበሬዎች ወተት እየሰበሰበ አዲስ አበባ የሚሸጥ አንድ ድርጅት አለ እንበል። የ2016 ዓ.ም. የካቲት ሽያጩን ከ2015ቱ የካቲት ጋር ቢያስተያይ ገበያው የሰፋለት ይመስለዋል። ነገር ግን ዐቢይ ጾም በ2015 የካቲት 13 ቀን፣ በ2016 ግን መጋቢት 2 ቀን ነበር የገባው። የተለወጠው ጾሙ የገባበት ቀን እንጂ ገበያው ላይሆን ይችላል።

ይህን ስሕተት ለማረም የሚረዳው የመረጃ መጋዘን የሚባለው ነው። የዕለት መዝገብ የዛሬውን ደረሰኝና የቀረውን ወተት ይከታተላል። መጋዘኑ ግን ከሰብሳቢው፣ ከፋብሪካውና ከሱቁ የመጣውን ቁጥር በአንድ መለኪያ አስማምቶ፣ ያለፉትን ዓመታት ሳይደመስስ ያኖራል። በየቀኑም አጠገብ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀሩ፣ «ጾም» ወይም «ፍስክ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ያን ጊዜ ጾም ከጾም፣ ፍስክ ከፍስክ ይነጻጸራል።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ድርጅቱ በተሳሳተ ተስፋ ብዙ ወተት ተቀብሎ ቢበላሽበት፣ በማግሥቱ «ዛሬ አንቀበልም» ተብሎ ወተቱን ተሸክሞ የሚመለሰው ገበሬው ነው። ከውጭ የተገዛ ፕሮግራም የእኛን ጾም በራሱ አያውቅም፤ ያን ዐምድ ማስገባት የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው።