የሐረር የእጅ ጽሑፎችና የባለቤቶቻቸው ፈለግ



አንድ ሕንፃ ቢፈርስ መሠረቱ ስፋቱን ይመሰክራል። የአንድ ሰው ቤተ መጻሕፍት ሲበተን ግን ምስክሩ ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ የሐረር ጀጎል መልስ አላት።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ የከተማይቱን የመጽሐፍ ጥራዝ ጥንካሬና ውበት አድንቆ ጽፏል። ጥራዙ በቆዳ የተለበጠ፣ ከኋላው ሽፋን የሚታጠፍ ክዳን ያለው ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውን ወረቀት ወደ ብርሃን ሲያቀኑት የሠሪው ምልክት፣ ለምሳሌ ሦስት ጨረቃ፣ ይታያል፤ ዘመኑን ለመገመትም ይረዳል። ስለ ባለቤቱ የሚናገረው ግን በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የሚገኘው ማስታወሻ ነው፤ ይኸውም ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደ ገዛው፣ ለማን ወቅፍ እንደ ተደረገ ነው። አንድ ስም በልዩ ልዩ መጻሕፍት ላይ ሲደጋገም የጠፋው መደርደሪያ ቀስ በቀስ ይገነባል።

አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በ1980ዎቹ ከየቤተሰቡ ማሰባሰብ የጀመሩት ቅርስ በመጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ኋላም በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ለሕዝብ ታይቷል። ከዚህም ውስጥ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት የእጅ ጽሑፎች ናቸው። የጥራዝ ሙያም በእርሳቸው ጥረት እንደ ገና አንሠራርቷል።

አደጋው ከዚህ ላይ ነው። ለእድሳት ተብሎ አሮጌው ቅጠል ቢጣል፣ ወይም ለሽያጭ ሲባል ስሙ ቢፋቅ፣ መጽሐፉ ይተርፋል፤ ባለቤቱ ግን ይጠፋል። ስለሆነም ጠራዡ መርፌ ከማንሣቱ አስቀድሞ ይለካ፣ ይመዝግብ፣ ፎቶግራፍም ያንሣ። መሐንዲስ አሮጌ ግንብ ከመንካቱ በፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።