የአየር ንብረት ለውጥ በየአገሩና በእኛ የቡና ማሳ



የአየር ንብረት ለውጥ በየአገሩ መልኩን ይለዋውጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓኪስታንን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ 33 ሚሊዮን ሕዝብም ጎድቷል። በእኛው አገር ደግሞ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ተጓደለ፤ ከብት አለቀ። በባንግላዴሽ የባሕሩ ጨው ወደ ሩዝ ማሳ እየዘለቀ ነው።

ምክንያቱ አንድ ነው። ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ሲቃጠሉ የሚወጣው ጋዝ ሙቀትን ያፍናል። የሞቀ አየር ከአፈር እርጥበት አብዝቶ ይመጥጣል፤ ሲያወርደውም በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ከዚህ ጋዝ የአፍሪካ ድርሻ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ዕዳው ግን ደርሶናል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ አስቀድሞ ካልተሠራ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬታችን ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ደኑ ተጠብቆ ቡናው ወደ ደጋው ከፍ ካለ ግን ተስፋ እንዳለም ገልጿል።

በየቀበሌው ስዘዋወር የጥላ ዛፍ ቆርጠው ባሕር ዛፍ የተከሉ አባላት አይቻለሁ። አልፈርድባቸውም፤ የማዳበሪያ ዕዳ ቀን አይሰጥም። ሆኖም ዛሬ ለጣውላ የተሸጠው ዋንዛ የነገው ቡና ጥላ ነበር። ስለዚህ ጉባኤው ከዓመቱ ትርፍ ላይ ለጥላ ዛፍ ችግኝ ጣቢያ እንዲመድብ በትሕትና እጠይቃለሁ።