የአባያ ሐይቅ ጉዳይ የጨንቻም ነው



እናንተ የጨንቻና የዶርዜ ሰዎች ስለ አባያና ጫሞ ሐይቆች እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ደጋ ላይ ተቀምጠን ስለ ቆላ ሐይቅ ምን አገባን የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ የሐይቁ ታሪክ ግማሹ የተጻፈው በዚህ ተዳፋት ላይ ነው።

ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አባያ በ1,200 ሜትር አካባቢ ተኝቷል። እንሰትና ቀርከሃ ከሚበቅልበት ብርድ ተነሥቶ የሙዝና የማንጎ አገር ለመድረስ ጠመዝማዛው የአርባ ምንጭ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የመጣው እንዲህ ነው፤ ምድር ወዲህና ወዲያ ስትሳሳብ መሐሏ ሰመጠ፤ ስምጥ ሸለቆ ሆነ። ውኃው በዚያ ወለል ላይ ተጠራቀመ። አባያንና ጫሞን የሚለየው፣ የእግዜር ድልድይ የምንለው ሸንተረርም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

ከሸንተረሩ ላይ ሆኖ ግራና ቀኝ ያየ ሰው መገረሙ አይቀርም። ጫሞ ሰማያዊ ነው፤ አባያ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ምክንያቱ ደለል ነው። አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም አማካይ ጥልቀቱ ከጥቂት ሜትሮች አያልፍም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራው 13 ሜትር ገደማ ነው። ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና፣ ሐሬና ሌሎችም ወንዞች ከደጋው ቀይ አፈር ይዘው ይገቡበታል። ደቃቁ ሸክላ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ሊዘቅጥ ሲልም ነፋስ መልሶ ያናውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ የምናደንቀው ያ መዳብ መሳይ ቀለም እንግዲህ የማሳችን አፈር ነው።

ከውኃው ሥር ደግሞ ሌላ የሐይቁ ታሪክ ምስክር አለ። በሁለቱም ሐይቆች ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ናይል ፐርች ይገኛል። ዛሬ ከዓባይ ጋር በማይገናኝ ሐይቅ ውስጥ የዓባይ ዓሣ ከየት መጣ? ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ከዛሬው በጣም ይበዛ ነበር። አባያ ሞልቶ ወደ ጫሞ፣ ጫሞ ወደ ጨው ባሕር፣ ጨው ባሕር ወደ ቱርካና፣ ቱርካናም ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይፈስ ነበር። አየሩ ሲደርቅ መንገዱ ተቋረጠ፤ ዓሣው ግን እዚሁ ቀረ።

ኩልፎ ከእኛ ተራሮች ወርዶ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ የአዞ ገበያ የሚባለው ዳርቻ አለ። አዞዎቹ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ፀሐይ ላይ ይጋደማሉ። ለጎብኚ ቁጣ ይመስለዋል፤ የበዛውን የሰውነት ሙቀት ማስወጫቸው ነው። አስፈሪዋ እናት አዞ ግን እንቁላሏ ሲፈለፈል ጫጩቶቿን በዚያ መንጋጋ ይዛ፣ አንዷን ሳትጎዳ፣ ወደ ውኃ ታወርዳለች።

ታዲያ ሐይቁ የማን ነው? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦተጎ አባያን በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው። የጊዲቾ ደሴት ሰዎች ግን ከእርሱ አስቀድሞ ከቀላል እንጨት በሠሯት ጀልባ ሲቀዝፉበት ኖረዋል። የሐይቁ ባለቤቶች አጠገቡ የሚኖሩ ናቸው፤ ከላዩ የሚኖሩትም ጭምር።

አባቶቻችን ይህን ባለቤትነት በሥራ ያውቁታል። በእርከን የተደገፈ ማሳ፣ በፍግ የዳበረ የእንሰት ጓሮ፣ መጥረቢያ የማይነካው የተከበረ ደን አፈሩን ይዘው ያቆያሉ፤ ዝናቡም ቀስ ብሎ ሰርጎ ምንጭ ይሆናል። እርከኑ ሲፈርስና ገደሉ ሲራቆት ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። እኛ ማሳ እናጣለን፤ ሐይቁ ጥልቀት ያጣል፤ ዓሣው መራቢያ ዳርቻውን ያጣል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዱቡሻ ሸንጎ ስለ ወሰንና ስለ ዕርቅ ስንመክር፣ የትኛው ተዳፋት እንደተራቆተና እርከኑን ማን መቼ እንደሚጠግን አብረን እንወስን። ከአርባ ምንጭ ዓሣ አጥማጆችም ሽማግሌዎች መጥተው ከእኛ ጋር ይቀመጡ። ጉዳዩ የጋራ ነውና ምክሩም የጋራ ይሁን።