በዕዳ የተያዘች እናትና የሰበካችን ድርሻ

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ በአንድ ዲያቆንና የፕሮጀክት ባለሙያ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአባቶች ፊት ቆሞ መናገር ለእኔ ለታናሻችሁ ከባድ ነው። ሆኖም የልማት ሥራችን ወደየምእመናኑ ቤት ሲያስገባን ያየነውን መሸሸግ አይገባንምና፣ ዛሬ ስለ አንድ የተሰወረ ቁስል እናገራለሁ። ይኸውም ከትዳር አጋራቸው ተለያይተው ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች የሚሸከሙት የአራጣ ዕዳ ነው።

ስሟንና አጥቢያዋን የማልጠቅሳት አንዲት እናት አለች። ከባሏ ጋር ተለያይተዋል፤ ፍቺ ግን አልተፈጸመም። በጽዳት ሠራተኝነት የወር ደመወዝ እየተቀበለች፣ ማታ እንጀራ እየጋገረች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። አባታቸው ከቤት ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ታናሹ ልጅ ታሞ፣ የቤት ኪራይም ተደራርቦ ስለ ነበር ከአንድ አበዳሪ 20,000 ብር ወስዳ ነበር። ወለዱ በወር ከመቶ 10 ሲሆን፣ በፈረመችው ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን 30,000 ብር ነው። ደመወዝ በተቀበለች ማግስት 2,000 ብር ታደርሳለች። በ14 ወር 28,000 ብር ከፈለች፤ ዋናው ገንዘብ ግን ሳይነካ እንዳለ ነበር።

ይህች እናት ወደ እኔ በመጣች ጊዜ ስለ ዕዳዋ አልነገረችኝም። የልጆቿን የደብተር መግዣ ብቻ ጠየቀችኝ። 500 ብር ሰጠኋት፤ ስለ ትዕግሥትም መክሬ ሸኘኋት። ያ ገንዘብ በማግስቱ ወደ አበዳሪው እንደ ሄደ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የመጸወትሁ መስሎኝ ለካ አራጣ ከፋይ ሆኜ ነበር! ያን ጊዜ የጎደለኝ ርኅራኄ አልነበረም፤ መጠየቅ ነበር እንጂ።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ባለ ዕዳው ሁለት ልጆቿን ባሪያ ሊያደርጋቸው የመጣባት መበለት ታሪክ ተጽፏል። ነቢዩ ኤልሳዕ ወደ እርሱ ጮኻ በመጣች ጊዜ የፈጸመውን ቅደም ተከተል ብናስተውል፣ ለሰበካችን ሥራ የሚበቃ ሥርዓት እናገኝበታለን።

አስቀድሞ ጠየቃት፤ በቤቷ ምን እንዳላት ቆጥራ እንድትነግረው አደረገ። እኛም እንዲሁ ከመምከራችንና ከመስጠታችን በፊት ከባለ ዕዳው ጋር ተቀምጠን በወረቀት እንጻፍ፦ ዕዳው ለማን ነው? መቼ ተወሰደ? ስንት ተከፈለ? ምን ተፈረመ? የዚያች እናት ዕዳ ሲጻፍ ሦስት ሆኖ ተገኘ። የአራጣው፣ የአራጣውን ወለድ ለመክፈል በእጅ ስልኳ የተበደረችው 2,000 ብር፣ የሰፈር ሱቅ ዱቤም ነበረባት። ዱቤው በወር በወር አይወልድም፤ ባለ ሱቁም ታገሣት። የስልኩ ብድር ቀኑ ሲያልፍ ቅጣት አለው። የአራጣው ግን ሳያቋርጥ ይወልዳል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው በብርቱ ለሚጨቀጭቀው ሳይሆን ፈጥኖ ለሚወልደው ዕዳ ነው። አንዱን ዕዳ በሌላ ብድር መክፈልም መቆም አለበት።

ሁለተኛ፣ ነቢዩ መበለቲቱን ወደ ጎረቤቶቿ ላካት፤ ባዶ ማድጋም እንድትዋስ አዘዛት። የእኛ ማድጋ እድራችን፣ እቁባችንና ሰንበቴያችን ነው። የዚያች እናት የሰንበቴ ጓደኞች በወር 1,000 ብር የሚጣልበት እቁብ ይጥሉ ነበር። እርሷን አስገብተው ዙሩ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዕጣ ያለ ዕጣ ለቀቁላት። 10,000 ብር ያለ ወለድ በእጇ ገባ። በየወሩ ለወለድ ትከፍለው ከነበረው 2,000 ብር ፋንታ 1,000 ብር ለእቁቡ እየጣለች በ10 ወር ትጨርሳለች። ሰበካው ከካዝናው አንድ ብር አላወጣም።

ሦስተኛ፣ መበለቲቱ ዘይቱን የቀዳችው በሯን ዘግታ ነው። የሰው ዕዳ የዐውደ ምሕረት ማስታወቂያ አይደለም። ጉዳዩን የንስሐ አባቷና ከሰበካው የተመረጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ይወቁት። ምስጢሯ በሰፈር የተነዛባት እናት ዳግመኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን በር አትመጣም፤ ወደ አበዳሪው እንጂ።

አራተኛ፣ ነቢዩ ዕዳዋን ከከፈለች በኋላ በቀረው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት። የልጆችን ምሳ የሚበላ የአከፋፈል ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። በዚህ ላይ የአባትየው ድርሻ አለ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለቤተሰቡ ኑሮ የተወሰደን ዕዳ የባልና የሚስት የጋራ ዕዳ ያደርገዋል። ልጆችን የመቀለብ ግዴታም ወላጆች ስለ ተለያዩ አይቀርም። እኛ ካህናትና አገልጋዮች ባልና ሚስትን ለማስታረቅ መድከማችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕርቁ እስኪፈጸም ድረስ ቀለቡን ማቆየት አይገባም። ሽማግሌ ሲቀመጥ የመጀመሪያው አጀንዳ የልጆቹ ቀለብ ይሁን፤ አባትየው እንቢ ካለም እናቲቱን ወደ ፍርድ ቤት እንምራት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አበዳሪው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የራሳችን ምእመን ነው። ለሕንፃ ማሠሪያ የሚሰጥ፣ በጉባኤ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ ምናልባትም አብሮን የሚመክር ሰው ሊሆን ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግለሰቦች በገንዘብ ብድር ሊዋዋሉ የሚችሉትን ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል አድርጎታል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች አራጣ የሚወስድ ካህን ከማዕርጉ እንዲሻር ደንግገዋል። እንግዲህ ስጦታውን በዕልልታ ተቀብለን፣ ገንዘቡ ከማን ቤት እንደ ወጣ ሳንጠይቅ ብንቀር መልሳችን ምንድን ነው?

በዚያች እናት ጉዳይ አበዳሪውን ወደ ሽማግሌዎች ያመጣው የገዛ ንስሐ አባቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ሒሳቡን አስቀመጡለት፦ በሕጉ ጣሪያ እንኳ ቢታሰብ የ14 ወሩ ወለድ ከ2,800 ብር አያልፍም፤ ከዋናው ጋር 22,800 ብር ነው፤ እርሷ ግን 28,000 ብር ከፍላለች። እርሱ ደግሞ 30,000 ብር የሚለውን ወረቀት አሳየ። በጽሑፍ የተፈረመን ውል በቃል ምስክር ማፍረስ እንዴት እንደሚያስቸግር ሁሉም ያውቅ ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮ 8,000 ብር ተቀብሎ ወረቀቱን ሊመልስ ተስማማ። ያም ቢሆን የሚገባው አልነበረም። እርሷ ግን ከክርክር ዕረፍትን መረጠች፤ ምርጫው የእርሷ ነውና አከበርንላት። ወረቀቱ በካህኑ ፊት ተቀደደ። ከእቁቡ የተረፈው 2,000 ብር የስልኩን ብድር ዘጋ።

ክቡራን ሆይ፤ ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። እያንዳንዱ ሰበካ ምስጢር የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይምረጥ። ካህናት አባቶች የንስሐ ልጆቻቸውን ሳይፈርሙ በፊት እንዲያማክሯቸው፣ ለከፈሉትም ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ እንዲይዙ ያስተምሩ። አበዳሪ የሆነውንም የንስሐ ልጅ አባቶች ፊቱን ሳይፈሩ ይምከሩት፤ እርሱም በጉ ነውና።

ያቺ እናት አሁን የእቁቡን ስድስተኛ ወር ጥላለች። ባለፈው ሰንበት ያገኘኋት ለሌላ አባል ዕጣ ስታወጣ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።