በእግር የሚለካ መንገድ

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ መንገድ ጥቂት ልንነግራችሁ እንወዳለን። ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ በመኪና ለሚሄድ ቅርብ ናት። ከከተማዋ ወደ በሽሎ ሸለቆ ለሚወርድ እግረኛ ግን የኪሎ ሜትር ቁጥር ብዙ አይነግረውም። ያገሬው ሰው መንገድን የሚለካው በዳገትና በቁልቁለት፣ በጥላና በምንጭ ነው። «ቅርብ ነው፣ ከዚያ ጋራ ማዶ ነው» ያሉን ቦታ የግማሽ ቀን ጉዞ ሊሆን ይችላል።

በኅዳር ወር እኛ ሁለት ሠራተኞች አንድ ሙሉ ቀን በዚህ መንገድ ተጓዝን። ጎሕ ሲቀድ ተነሣን፤ ስንቃችን ቆሎና በሶ ነበር። በደጋው ላይ ውርጩ ገና አልለቀቀም። ቁልቁል በወረድን መጠን ገብሱና ባቄላው ቀርቶ ጤፍና ማሽላ ተተካ፤ ቀትር ላይ ጋቢያችንን አውልቀን በግራር ጥላ አረፍን። የመንገድ ጓድ ጥቅሙ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ሸክሙን ይቀበለዋል፤ ጨዋታም ዳገቱን ያሳጥራል። ወደ ኤማሁስ የሄዱትም ሁለት ነበሩ።

ገና ጥቂት እንደ ሄድን የአንድ መንደር የቅሬ ሰዎች ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ይዘው ሽቅብ ሲወጡ አገኘናቸው። አራቱ ይሸከማሉ፤ የቀሩት ተራ ለመቀበል ይከተላሉ። እኛም ተራ ገባን። አንድ ሽማግሌ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ልጆቼ፣ ዳገትን የሚያውቀው ትከሻ ነው» አሉን። መኪና ከሚደርስበት ድረስ ሸኝተን ተመለስን። እናትም ልጅም በሰላም መትረፋቸውን በሳምንቱ ሰማን፤ ጌታ ይመስገን።

ማታ ያሳደረን ቤት የሙስሊም ወንድሞቻችን ነበር። ሃይማኖታችንን ሳይጠይቁ የእግር ውኃ አቀረቡልን፣ ቡናም ተፈላ። የወሎ ሰው ለመሸበት እንግዳ በሩን አይዘጋም።

ይህ አገር ለእግረኛም ለሠራዊትም አስቸጋሪ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲወስዱ ሠራዊታቸው መንገድ እየጠረገ፣ የበሽሎን ገደል እየተሻገረ ለወራት ደክሟል። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ደግሞ መኪና በማይደርስባቸው ደጋማ ቦታዎች የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች እህል ከአየር ይጥሉ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. ብዙ የወሎ ሰው እህል ፍለጋ በእግሩ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ዓለም ያየው መንገድ ዳር የደረሰውን ነው። ጉልበቱ አልቆ ሸለቆ ውስጥ የቀረውን ፎቶግራፍ ያነሣው የለም። ስለዚህ እርዳታ ሰው ሳይደክም፣ በሬውን ሳይሸጥ፣ ቀዬውንም ሳይለቅ ሊደርስለት ይገባል።

እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ የእህል ማደያውን ወይም የጤና ጣቢያውን ቦታ ከመወሰናችሁ በፊት ከአገሬው ሰው ጋር በእግራችሁ ሂዱ። ሰዓቱን በራሳችሁ እርምጃ ብቻ አትቁጠሩ፤ እንስራ ባዘለች ሴት፣ በምርኩዝ በሚሄድ ሽማግሌ፣ በቃሬዛ በተያዘ ሕመምተኛ እርምጃ ቁጠሩት። እናንተም ምእመናን፣ ስጦታችሁ ለእህልና ለመድኃኒት ብቻ አይደለም። የተጠረገ የእግር መንገድ፣ በጅረት ላይ የተሠራች ትንሽ ድልድይ፣ በዳገቱ ወገብ ላይ የጎለበተ ምንጭ ነፍስ ያድናሉ።

ትከሻ የሚያቀብል ወንድም ለሁላችንም ያስፈልገናል። እግዚአብሔር ይባርካችሁ።