ጡንቻና ጅማት፦ በይፋት ቆላ ለምንሠራ ባለሙያዎች



የይፋት ቆላ ገበሬ ሀብቱ ጉልበቱ ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሽላና ማሾ የሚያመርት፣ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ሰው እጁ ወይም እግሩ ሲጎዳ የቤተሰቡም ጓዳ አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጡንቻና ስለ አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ልዩነት የምናገረው በትምህርት ቤት ያወቅነውን ለመድገም ሳይሆን፣ ልዩነቱ በዕለት ሥራችን ላይ ያለውን ትርጉም ለማሳሰብ ነው።

ልዩነቱን ሥጋ የሚከትፍ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀዩ ጡንቻ፣ ነጩና ጠንካራው ጅማት ነው። ጡንቻ በአብዛኛው ሕዋስ ነው። ሕዋሳቱ አክቲንና ማዮሲን የተባሉ ፕሮቲኖችን ይዘው ከነርቭ ትእዛዝ ሲደርሳቸው ይኮማተራሉ። ለዚህም ብዙ ኦክስጅን ስለሚሹ ጡንቻ በደም ሥር የተሞላ ነው። በጅማት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሕዋሳቱ ጥቂትና የተራራቁ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው የሚበዛው ኮላጅን የተባለው የፕሮቲን ክር ነው። ጅማት የጡንቻን ጉልበት ወደ አጥንት ያስተላልፋል እንጂ ራሱ አይኮማተርም።

ከዚህ የተነሣ የሁለቱ ጊዜ ይለያያል። ጡንቻ ደም ፈጽሞ ከተቋረጠበት በ6 ሰዓት ገደማ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ጅማት የደም እጥረትን ይችላል፤ ሲቆረጥ ግን የሚጠገነው በሳምንታትና በወራት ነው።

በአገራችን ስብራት ወይም ወለምታ የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ቀርከሃው አለልክ ጠብቆ ሲታሰር እብጠቱ መሄጃ ያጣል። ጡንቻዎችን በየክፍሉ የሚሸፍነው ገለፈትም አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ነውና እንደ ልብ አይለጠጥም። ከውስጥ ገለፈቱ፣ ከውጭ ማሰሪያው ሲጨምቁት ጡንቻው ደም ያጣል፤ መጨረሻውም ጋንግሪንና የእጅ ወይም የእግር መቆረጥ ይሆናል።

ምልክቱ ከጉዳቱ መጠን ያለፈ ሕመም ነው፤ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው ይብሳል። የደም ሥር ምት መኖሩ ሊያዘናጋን አይገባም፤ የሚጠፋው ዘግይቶ ነውና። ማሰሪያው እስከ ቆዳው ድረስ ይፈታ፤ እግሩ በልብ ትክክል ይቀመጥ። ሕመሙ ካልበረደ ገለፈቱ በቀዶ ሕክምና መከፈት ስላለበት በሽተኛው ሳይዘገይ ይላክ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚላክ ከሆነም የጣርማ በር ዳገት የሚፈጀው ጊዜ ከዚያው ከ6 ሰዓት ላይ የሚቀነስ መሆኑን አንርሳ።

በአንጻሩ ማጭድ የቆረጠውን እጅ ስናይ ቁስሉን ከመስፋታችን በፊት እያንዳንዱን ጣት እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ እንጠይቀው። የተቆረጠው ጅማት ከተዘነጋ ጡንቻው ጫፉን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ቆዳው ይድናል፣ ጣቱ ግን አይታዘዝም። ጅማቱ ከተሰፋ በኋላም ገበሬው ቁስሉ ደረቀ ብሎ ወደ ከባድ ሥራ እንዳይቸኩል ምክንያቱን ልናስረዳው ይገባል።

በመጨረሻም ወጌሾችን ማውገዝ በሽተኛውን ከእኛ ያርቃል እንጂ እግሩን አያተርፍም። ካሰሩ በኋላ ጣቶቹን ደጋግመው እንዲያዩ፣ ሕመም ሲበረታ ወዲያው እንዲፈቱና ወደ እኛ እንዲልኩ ብናስተምራቸው የብዙ ሰው ጉልበት ይድናል።